ሰው ጭነህ ለምትነዳ የጅማ ሞተረኛ፦ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራ የደህንነት መመሪያ

አንድ የሐምሌ ምሽት ከመርካቶ አንዲት እናት ጭኜ የአዌቱን ድልድይ እንዳለፍን ወደቅን። ዝናቡ መጣል ከጀመረ ገና አምስት ደቂቃ ቢሆነው ነው። ከፊቴ የነበረው ባጃጅ መንገድ ዳር የቆመ ሰው አየና ቀጥ አለ። እኔ የፊት ፍሬኑን ጭምቅ አደረግኩት። የፊት ጎማው ሸሸ። ሞተሩ በጎኑ ተኛ፤ እኛም አብረን። የያዙት ፌስታል ተቀዶ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ።

እሳቸው ጉልበታቸው ተልጦ ደም እየወረደ መጀመሪያ የተናገሩት «ልጄ፣ አንተን ምን አገኘህ?» ብለው ነው። እኔ ሄልሜት አድርጌ ነበር። እሳቸው አላደረጉም። ጭንቅላታቸው ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ የራቀው አንድ ክንድ ያህል ነው።

ባጃጁን ብዙ ቀን ረገምኩት። ኋላ ላይ ነገሩን ከመጀመሪያው ሳስበው ግን ጥፋቱ የተሠራው ቀደም ብሎ ነው። ባጃጁ ጀርባ ተለጥፌ ነበር። አስፋልቱ ረጥቦ ፍጥነቴን አልቀነስኩም። የፊት ጎማዬ ማለቁንም ጎሚስታው ከሳምንት በፊት ነግሮኛል። ፍሬኑን ስጨብጥ ነገሩ ያለቀለት ነበር።

ይህን የጻፍኩት ፍሬን ከመያዝህ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። አብዛኛው ደህንነት ያለው እዚያ ነው።

1. መጀመሪያ ሒሳቡን አስተካክል

ብዙዎቻችን የምንነዳው የሰው ሞተር ነው። ማታ ለባለቤቱ የሚገባ ገቢ አለ። ነዳጅ አለ። የተረፈው ነው ቤት የሚገባው። ቀኑ ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋና ገቢው ሳይሞላ ሲቀር እጅ ሳይታዘዝ ጋዝ ይጨምራል። ይህን ሳላነሳ «ቀስ ብለህ ንዳ» ብልህ ምክሬ ባዶ ነው።

እስቲ እናስላው። 3 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትነዳ 4 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። በ60 ብትነዳ 3 ደቂቃ። ያተረፍከው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። በቀን 20 ምልልስ ብትሠራ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ግን ይህ በወረቀት ላይ ነው። ጅማ መሃል 3 ኪሎ ሜትር ሙሉ ባዶ መንገድ ከየት ይመጣል? አደባባይ አለ፣ ዜብራ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ጋሪ አለ። በ60 የበረረውም በ40 የሄደውም እዚያው አደባባይ አፍ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ይህን በየቀኑ ታየዋለህ።

ያቺን ግማሽ ሰዓት ከፍጥነት አትፈልጋት፤ ከሌላ ቦታ ታገኛታለህ። ባዶ ሞተር ይዘህ ስትዞር የምታቃጥለውን ነዳጅና ጊዜ ቁጠር። ሰው የሚበዛበትን ሰዓትና ቦታ ያዝ። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፤ ያን ቀን ሄርማታ አካባቢ ያለው ሥራ ከሌላው ቀን አይገናኝም። ጠዋት የሥራና የትምህርት መግቢያ፣ ማታ መውጫው። በመሃል ያለውን ሰዓት ተራህ ላይ ቆመህ እረፍ።

ከዚያ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለህ ሁለት ነገር ተስማማ። አንደኛ፣ ቀኑን ሙሉ ዝናብ በጣለበት ቀን ገቢው ምን ያህል ይቀንሳል? ሁለተኛ፣ የጎማና የፍሬን ሸራ ወጪ የማን ነው? ሁለተኛው ካልተለየ ሁለታችሁም ትጠባበቃላችሁ። የእኔ የፊት ጎማ የቆየው በዚህ ነው። እኔ እሱ ይገዛል ብዬ፣ እሱ እኔ እገዛለሁ ብሎ። ንግግሩን በሰላሙ ቀን ጀምረው። «ወንድሜ፣ ሞተሩ ከወደቀ ያንተም ንብረት ነው የሚጎዳው» ብትለው የማይሰማ ባለቤት ጥቂት ነው።

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ቦሎ፣ የሶስተኛ ወገን መድን። አራቱንም ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልለህ ከአንተ አይለዩ። መንጃ ፈቃድህ የሞተር መሆኑን አረጋግጥ። የመኪና መንጃ ፈቃድ ስላለህ ሞተር መንዳት ትችላለህ ማለት አይደለም።

2. ጠዋት አምስት ደቂቃ

ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት አንዴ ዙረው።

ጎማ፦ ጥርሱን እይ፤ ሚስማርና ጠጠር ፈልግ። ንፋሱን በአውራ ጣት ተጭነህ አትመነው። በሳምንት አንዴ ጎሚስታ ጋ አስለካ። ለብቻህ ስትነዳና ከኋላ ሰው ስትጭን የኋላ ጎማው የሚፈልገው ንፋስ እኩል አይደለም፤ ሰው ሲኖር ከፍ ይላል። ልኩ የሞተሩ መጽሐፍ ላይ፣ በአንዳንዱም ሞተር አካል ላይ ተለጥፎ አለ። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጭን ሞተር በሰው ልክ ነው መነፋት ያለበት።

ፍሬን፦ ሞተሩን በእጅህ እየገፋህ የፊቱን ያዝ፣ ከዚያ የኋላውን ርገጥ። ሁለቱም ለየብቻ ማቆም አለባቸው። የእጅ ፍሬኑ እጀታ መሪው ድረስ ከገባ ሸራው አልቋል ወይም ሽቦው ላልቷል። ሽቦው ጫፉ ላይ መበጣጠስ ከጀመረ ለነገ አትበል።

ካቴና፦ መሃል ላይ በጣትህ ወደ ላይ አንሳው። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተሮች ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከላላ ሊወልቅና የኋላ ጎማውን ሊያስረው ይችላል።

መብራት፦ የኋላውን ለብቻህ የምታይበት ቀላል ዘዴ አለ። ገና ሳይነጋ ሞተሩን ጀርባውን ወደ ግድግዳ አዙረህ አቁም። የእጅ ፍሬኑን ያዝ። ግድግዳው ላይ ቀዩ ብርሃን ይደምቃል? አሁን የእግሩን ርገጥ። እንደገና ይደምቃል? በአንዱ ብቻ የሚበራ ስቶፕ መብራት ብዙ አይቻለሁ። ከኋላህ ያለው ሰው መቆምህን የሚያውቀው በዚያች ብርሃን ነው። ፍሬቻውንም እዚያው ግድግዳ ላይ ታየዋለህ።

ስፔኪዮ፦ በጠባብ ቦታ ለመሹለክ ብለን የምንነቅለው ነገር ነው። መልሰህ ግጠመው። ዳሩ ላይ ትከሻህ በትንሹ ሲታይህ፣ ቀሪው ከኋላ ያለውን መንገድ ሲያሳይህ ልክ ነው።

የተሳፋሪውን እግር መርገጫም አትርሳ። ላስቲኩ የወለቀ ብረት በዝናብ ቀን ሳሙና ነው።

የፊት መብራትህን ቀንም አብርተህ ንዳ። ጠዋት ጉም ሲወርድ ይህ ግዴታህ ነው፤ በጠራራ ፀሐይ ደግሞ ከአደባባይ የሚወጣው ሹፌር ቀድሞ ያይሃል።

3. ሄልሜት፦ ለሁለት ሰው

የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መረጃ እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል። ከእነዚህ ውስጥ 21 በመቶ ያህሉ በባለ ሁለትና በባለ ሶስት ጎማ ሞተር የሚጓዙ ነበሩ። ነጂውም፣ ከኋላ የተቀመጠውም። ሄልሜት በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ታይተው ተረጋግጧል። ይህን ያህል ጥቅም ያለው ሌላ ዕቃ ሞተራችን ላይ የለም።

ሄልሜት ሲገዛ አሠራሩ እንዲህ ነው። አጥልቀው። ግንባርህ ላይ ከቅንድብህ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይቀመጥ። ማሰሪያውን እሰረው፤ በአገጭህና በማሰሪያው መካከል ከሁለት ጣት በላይ እንዳይገባ። ከዚያ ራስህን በኃይል ነቅንቅ። ሄልሜቱ ለብቻው ከዞረ ሰፍቶሃል። በመጨረሻ ከኋላ ይዘህ ወደ ፊት ግፋው፤ ከራስህ ከወለቀ ተወው፣ ሌላ ለካ። የግንባታ ሠራተኛ ባርኔጣ ሄልሜት አይደለም። ውስጡ እንደ ሞተር ሄልሜት የአደጋን ኃይል የሚውጥ ፎም የለውም።

አንዴ በአደጋ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ውስጡ ያለው ፎም ተጨፍልቆ ይሆናል። አይጠገንም፤ ይቀየራል። ሰልቫጅ ሲገዛ ይህ ስለማይታወቅ እኔ አልመክርም።

መሪው ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜትም ማንንም አያድንም። ትራፊክ ሲታይ ብቻ የሚደረግና ማሰሪያው የማይታሰርም እንዲሁ። ያልታሰረ ሄልሜት ከአንተ ቀድሞ ይወድቃል።

አሁን ወደ ተሳፋሪው እንምጣ። ሁለተኛ ሄልሜት የያዘ ሞተረኛ ጥቂት ነው። ሲጠየቅ «ሰዉ አይፈልግም» ይላል። እውነት አለው። ሰው የማያውቀውን ሰው ላብ ጭንቅላቱ ላይ መጫን ይጠየፋል። ሴቶች ደግሞ ፀጉራቸው ይበላሻል፣ ሻሻቸው ይወላለቃል። ይህን ስድብ አድርገህ አትውሰደው፤ መፍትሔ አምጣለት። ከስስ ጨርቅ የተሰፉ አምስት ስድስት ኮፍያዎች ያዝ። ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ንጹሑን አውጥተህ ስጥ፣ ያገለገለውን ለብቻ አድርግ፣ ማታ እጠብ። ሄልሜቱን ምሳ ሰዓት ላይ ገልብጠህ ፀሐይ አስመታው። ስትሰጥም አትለምን፣ አታዝዝም። «እማማ፣ ይቺን ያድርጉልኝ፣ እኔ ላስርልዎት» ብለህ በሁለት እጅህ አቅርብ። እኔ ከወደቅኩ በኋላ እንዲህ ሳደርግ አልፈልግም ያለኝ ሰው ካሰብኩት በታች ነው።

4. ሰው ስትጭን

ዋጋውን ቆማችሁ ጨርሱ። የት እንደሚወርድም ቆማችሁ ተነጋገሩ። በመንገድ ላይ አንገት አዙሮ መነጋገር የለም።

ተሳፋሪው በግራ በኩል እንዲወጣ አድርግ። በአብዛኞቹ ሞተሮቻችን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በቀኝ ነው። ያ ብረት ስንት የሴት ባት አቃጥሏል። አንተ ሁለቱንም እግርህን መሬት ተክለህ፣ ፍሬን ይዘህ «አሁን ይውጡ» በል። ሳትላቸው ሲወጡ ነው ሞተሩ የሚያጋድለው።

ከተቀመጡ በኋላ ልብሳቸውን እይ። ይህችን ቦታ በጥሞና አንብብልኝ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ጅልባብ፣ ረጅም ቀሚስ፣ የዝናብ ልብስ ጫፍ። ወደ ካቴናው ወይም ወደ ኋላ ጎማው ሽቦ ከገባ ጎማው ጨርቁን ይጠቀልለዋል፤ ጨርቁ አንገት ላይ ከታሰረ የሚከተለውን መናገር አልፈልግም። «እህቴ፣ ሻርፕሽን ወደ ውስጥ አስገቢው፣ ቀሚስሽንም ከሥርሽ አድርጊው» በል። እጅህን አትስደድ፤ በቃል በቂ ነው። ካቴናህ መሸፈኛው ወልቆ ከሆነ ዛሬውኑ አስገጥም።

በአንድ ጎን ቁጭ ብሎ መሄድ አደገኛ ነው። ክብደቱ ሁሉ በአንድ በኩል ነው፤ ሰውየው የሚይዘውም ነገር የለም። አንዳንድ እናቶች በልብሳቸው ምክንያት ሌላ አማራጭ የላቸውም። ያኔ እውነቱን ንገራቸው፦ «እናቴ፣ ባጃጅ ይሻልዎታል።» ገንዘቡ ቢቀርብህም እንዲህ በል።

ከኋላ አንድ ሰው ብቻ። ሁለት ሰው ከተጫነ የኋለኛው ከጎማው አልፎ ብረት ላይ ነው የሚቀመጠው፣ የፊት ጎማህም ይቀላል። የቀለለ ጎማ አይታዘዝም። ልጅን የነዳጅ ታንከሩ ላይ ፊትህ አስቀምጠህ አትንዳ። ስትቆም መጀመሪያ መሪው ላይ የሚጋጨው የልጁ ፊት ነው። እግሩ መርገጫ የማይደርስ ልጅ ሞተር አይወጣም።

የምግብ ጋዝ ሲሊንደር፣ የቡና ጆንያ፣ ጀሪካን፣ በግ። ዕቃ ከጫንክ ዕቃ ብቻ ጫን። ሰውና ዕቃ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውየው ዕቃውን ነው የሚይዘው፤ እሱን ማን ይይዘዋል?

ከኋላህ «ሱታ!» (በኦሮምኛ «ቀስ!») የሚል ድምፅ ከሰማህ ቀንስ። ሱታ ማለት ሱታ ነው። አትሳቅ፣ አትከራከር። ሰውየው ፈርቶ ከተወዛወዘ ሞተሩ አብሮ ይወዛወዛል።

5. መንገድ ላይ

ስለ ፍጥነት አንድ ነገር በቁጥር ልንገርህ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ትሄዳለህ። አደጋ አይተህ እጅህ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢያልፍ 11 ሜትሩ ሄዷል፤ ገና ፍሬን አልያዝክም። በደረቅ አስፋልት ለመቆም ደግሞ ሌላ 9 ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። በድምሩ 20 ሜትር። አራት ሚኒባስ ተከታትለው ሲቆሙ ያን ያህል ነው። በ60 ከሆነ 37 ሜትር ገደማ ይሆናል። አስፋልቱ ሲረጥብ በ40 ወደ 27፣ በ60 ከ50 ሜትር በላይ። ይህ ሁሉ ጎማህና ፍሬንህ ደህና ከሆኑ ነው። አሁን እኔ ከዚያ ባጃጅ በስንት ሜትር እንደነበርኩ ገምት። አራት አይሞላም።

ርቀት ለመጠበቅ ሜትር መያዝ አያስፈልግም። የፊተኛው መኪና አንድ የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ በቀስታ መቁጠር ጀምር፦ አንድ፣ ሁለት። ሁለት ሳትል ምሰሶው ጋ ከደረስክ ቀርበሃል። በዝናብ እስከ አራት ቁጠር። በመሃል አንድ ባጃጅ ይገባብሃል፤ ይግባ። እንደገና ራቅ።

ስለ ባጃጅ ከስንት ዓመት በኋላ የገባኝ ነገር አለ። ባጃጁን አትይ፤ መንገድ ዳር ያለውን ሰው እይ። ባጃጅ የሚቆመው ሰው እጁን ሲያነሳ ነው። ፍሬቻ ሳያሳይ ሊቆም ይችላል፤ ያ ሰው ግን ቀድሞ እጁን ያነሳል፣ ወይ አንድ እርምጃ ወደ አስፋልቱ ይወጣል። የሰውየውን እጅ ያየህ እንደሆነ ባጃጁ ከመቆሙ በፊት ጋዝ ለቀሃል። ሁለተኛው ምልክት የባጃጁ የፊት ጎማ ነው። ጎማው ወደ ዳር ሲዞር አካሉ ይከተላል። በቀኙ በኩል አትለፈው፤ ሰው የሚወርደው በዚያ ነው።

ሲኖ ትራክና አይሱዙ ጎን ስትሆን ሹፌሩን በስፔኪዮው ፈልገው። ፊቱ ካልታየህ እሱም አያይህም። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ በተዘጋጀ የጭነት መኪና ቀኝ ጎን መሹለክ በጭራሽ አይደረግም። የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ይጠጋል፤ ቦታህን ይበላዋል።

አደባባይ ስትደርስ ቅድሚያው አስቀድሞ ውስጥ የገባው ነው። በዜብራ ላይ አንድ መኪና ከቆመ ሰው እያሻገረ ይሆናልና በጎኑ አትብረር። ይህ የሞተረኛ ክፉ ልማድ ነው። እግረኛው የቆመለትን መኪና አምኖ ሲወጣ አንተ ላይ ነው የሚያርፈው። ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ተማሪ በቡድን ሲሻገር የመጀመሪያው ሲያልፍ መንገዱ ተከፈተ አትበል፤ የኋለኞቹ ሮጠው ይከተላሉ። ከብትም እንዲሁ ነው። አንዷ ላም ከተሻገረች ሁለተኛዋ ትመጣለች። ከብትን ሁልጊዜ በጭራው በኩል ነው ማለፍ፤ ከብት ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሮጥም። አህያና ጋሪ ጋ ክላክስ አታስጮህ።

አሁን ዝናብ። ጅማ ያለነው ሰዎች ከዓመቱ ግማሹን ከዝናብ ጋር ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ ይህን በደንብ መቻል አለብን።

ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። መንገዱ ላይ የተንጠባጠበ ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ከላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ብዙ ከዘነበ ይታጠባል። ስለዚህ ዝናቡ ሲጀምር መሮጥ የኛ ትልቁ ስህተት ነው። «ሳልረጥብ ልድረስ» ብለን መንገዱ ይበልጥ በሚያንሸራትትበት ሰዓት ላይ በጣም እንፈጥናለን። ከቻልክ አንድ ሩብ ሰዓት በረንዳ ሥር ቁም። ተሳፋሪውም አይጠላውም፤ ማንም መርጠብ አይፈልግም።

የዜብራው ነጭ ቀለም፣ የፍሳሽ ጉድጓድ የብረት ክዳን፣ ኮብልስቶን። ሦስቱም ሲረጥቡ እንደ ሳሙና ናቸው። እላያቸው ላይ ፍሬን አትያዝ፣ መሪም አትጠምዝዝ። ቀድመህ ቀንሰህ ቀጥ ብለህ ተሻገራቸው። ከሰፈር ውስጥ የሚወጡ መኪኖች በጎማቸው ቀይ ጭቃ ተሸክመው አስፋልቱ ላይ ያራግፉታል። መጋጠሚያው ላይ ቀላ ያለ ነገር ካየህ እንደ በረዶ ቁጠረው። ኩሬ ካለ ሥሩ ጉድጓድ እንዳለ አስብ።

ፍሬን አያያዝ ላይ ሁለት የተሳሳተ ወግ አለ። አንዱ «የፊቱን አትንካ፣ ይጥልሃል» ይላል። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛው የማቆም ኃይል የፊቱ ነው፤ የኋላውን ብቻ የሚይዝ ሰው ርቆ ሄዶ ነው የሚቆመው። ሌላው የእኔ ስህተት ነው፤ በድንገት መጭመቅ። ልክ የሚሆነው ሁለቱንም አንድ ላይ፣ የፊቱን እንደ ስፖንጅ ቀስ በቀስ እየጨመሩ መያዝ ነው። ሞተሩ ቀጥ ብሎ፣ መሪው ሳይዞር። ኩርባ ላይ ከሆነ ከመግባትህ በፊት ቀንስ። ይህን በንባብ አትለምደውም። አንድ እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ፈልግ። ብቻህን፣ በ20 ጀምረህ ቁም። አሥር ጊዜ። ከዚያ በ30። ከዚያ በ40። እጅህ ይማራል። ከዚያ በሌላ ቀን ከኋላህ ጓደኛህን ጭነህ ድገመው፤ በሰው ክብደት መቆሚያው ምን ያህል እንደሚረዝም ትደነግጣለህ።

ከጅሬን ስትወርድ ማርሹን ፎሌ (ዜሮ) አድርገህ ሞተር አጥፍተህ መንከባለል ነዳጅ ይቆጥባል ብለህ አትለምደው። ማርሽ ውስጥ ያለ ሞተር ራሱ ይይዝሃል። ፎሌ ከሆነ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ።

ከከተማ ወጥተህ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ሰርቦ ሰው የምታደርስ ከሆነ ሳይመሽ ተመለስ። መብራት የሌለው ጋሪና ጥቁር ላም ሌሊት አይታዩም።

ስልክ፦ ሲጠራ ዳር ይዘህ ቁም፣ ከዚያ አንሳ። በሄልሜትና በጆሮ መካከል ሰክቶ ማውራትም ያው ነው። የቴሌብር ክፍያ መግባቱን የምታየው ተሳፋሪው ከወረደ በኋላ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ነው።

6. ጫት፣ መጠጥ፣ እንቅልፍ

በእኛ ከተማ ይህን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ተራ ላይ ቁጭ ብሎ የሚቅም ሞተረኛ ብዙ ነው። ለምን እንደሚቅም አውቃለሁ፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ ሥራው ያደክማል።

ምርቃናው ሲመጣ ግን ምን እንደሚሆን ራስህን ታዘብ። መንገዱ ይሰፋልሃል። የማታልፍበት ቀዳዳ ያልፋል ትላለህ። ድካሙ የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም፤ ሲወርድ ተደርቦ ይመጣል። ያን ሰዓት፣ አመሻሽ ላይ፣ መንገዱ ይሞላል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል። ሦስቱ አንድ ላይ መግጠማቸው ነው የሚያስፈራኝ። ከቃምክ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ የሚሉት መጠጥ ይከተላል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። የጠጣ አይነዳም። ሞተሩን እዚያው አሳድረህ በባጃጅ ግባ።

እንቅልፍ ማጣትም እንደ መጠጥ ነው። ለ17 ሰዓት ያልተኛ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር በሚቀራረብ ደረጃ እንደሚዘገይ በጥናት ታይቷል። ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሳ ሞተረኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እዚያ ደርሷል። ጠጥቶ አያውቅም ይሆናል፤ እጁ ግን የጠጣ ሰው እጅ ነው። ማለዳ የወጣህ ቀን ማታ ቀደም ብለህ ግባ፣ ወይም ቀትር ላይ አንድ ሰዓት ተኛ።

7. ከወደቃችሁ

ሞተሩን አጥፋ። ነዳጅ እየፈሰሰ ከሆነ ሲጋራ የያዘ ሰው አይጠጋ። አንድ ሰው 30 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ሄዶ የሚመጣውን መኪና እንዲያስቆም አድርግ። ሁለተኛ አደጋ የሚመጣው ሰው ሊያይ ሲሰበሰብ ነው።

907 ደውል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። ቦታውን በሚታወቅ ምልክት ተናገር።

የተጎዳው ሰው የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አታውልቅ። ክንዱን ይዘህ አታስነሳው፣ «ተነስ አይዞህ» ብለህ አታስቀምጠው፣ ውሃ አታጠጣው። አገራችን ሰው ሲወድቅ ሮጦ ማንሳት ደግነት ነው፤ አንገቱ ወይም ጀርባው የተጎዳን ሰው ግን ያ ደግነት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። ደም የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፈህ ቁስሉ ላይ አጥብቀህ ተጫን፤ እያነሳህ አትይ። ቡና ወይም አፈር ቁስል ላይ አይነሰነስም። አምቡላንስ የማይደርስ ከሆነ ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈህ አታስገባው። ሰፊ ጣውላ ፈልጉ፣ አንድ ሰው ራሱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቻችሁ እኩል አንሱት፣ በፒክአፕ አስተኝታችሁ ውሰዱ።

ጥለህ አትሂድ። የሚያስፈራህ ወጪው ከሆነ የሶስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ግዴታ የተደረገው ለዚሁ ነው፤ አዋጁ ለተጎዳው ሰው የድንገተኛ ሕክምናንም ያካትታል። ጥሎ መሸሽ ግን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ወድቆ የተነሳ ሞተር መሪው ሳይፈተሽ፣ የፊት ሹካው ቀጥ ማለቱ ጋራዥ ሳይታይ ሰው አይጫንበትም።

ተሳፋሪው «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ አቧራውን አራግፎ ሊሄድ ይችላል። ጭንቅላቱ ተመትቶ ከሆነ አትልቀቀው፤ ስልክ ቁጥሩን ተቀበል፣ የቤተሰቡንም። በሚቀጥሉት 24 ሰዓታት ውስጥ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም የአንዱ ዓይኑ ብሌን ስፋት ከሌላው ከተለየ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ አለበት። እነዚህን ለቤተሰቡ አንድ በአንድ ንገር። ማታ ከመተኛትህ በፊት ደውለህ ጠይቅ። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ደግሞ ደውል።